ጨረርና የተከላካይ ሴል ሕክምና፦ የቱ ይቀድማል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ካንሰር የታመመ ሰው ለመጠየቅ ከገባችሁ፣ ቡናው ሳይቀርብ አንድ ወሬ መነሳቱ አይቀርም። «ውጭ አገር የራስን ሴል ከደም አውጥተው፣ ላብራቶሪ ውስጥ አሠልጥነው፣ መልሰው ይሰጣሉ አሉ። ከጨረር ጋር ሲሆን ደግሞ ድራሹን ያጠፋዋል።» አንዱ ቲክቶክ ላይ አይቶታል። ሌላዋ አሜሪካ ያለው ወንድሟ ነግሯታል። ወሬው ውሸት አይደለም። ችግሩ ግማሹ መንገድ ላይ መቅረቱ ነው።

ይህን የጻፍኩት ለአስታማሚዎች ነው። ፎልደሩን በብብቱ ይዞ ከካርድ ክፍል ወደ ላብራቶሪ ለሚሮጠው ልጅ፣ ለእህት፣ ለወንድም ልጅ። ምን እንደሚታዘዝ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እናንተ ግን ምን እንደምትጠይቁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መቼ እንደምትጠይቁ ካወቃችሁ ብዙ ነገር ታተርፋላችሁ። ምክንያቱም ጨረርና የሴል ሕክምና የሚረዳዱት ተራቸው ሲጠበቅ ነው። ተራው ከተዛባ አንዱ የሌላውን ሥራ ያበላሻል፤ አንዳንዴም በሩን ጭራሽ ይዘጋዋል።

መጀመሪያ ካንሰሩን በሙሉ ስሙ እወቁት

«ዕጢ ነው» ወይም «የደም ነው ተባልን» አይበቃም። የሴል ሕክምና ለሁሉም ካንሰር አይሆንማ።

ዛሬ ሰዉ የሚያወራው የሴል ሕክምና በአብዛኛው ካር-ቲ የሚባለው ነው። ቲ-ሴል የሚባሉትን ተከላካይ ነጭ የደም ሴሎች ከታማሚው ደም ይለያሉ። ላብራቶሪ ውስጥ የዘረመል ለውጥ አድርገው የካንሰሩን ሴል በምልክቱ እንዲለዩት ያደርጓቸዋል። ከዚያ አብዝተው በደም ሥር ይመልሷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኤሚሊ ዋይትሄድ የምትባል አሜሪካዊት ልጅ ፊላደልፊያ ውስጥ በዚህ መንገድ ከሉኪሚያ ዳነች፤ ሕክምናውን ከወሰዱ ልጆች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። በ2017 አሜሪካ የመጀመሪያውን ፈቃድ ሰጠች። ከዚያ ወዲህ ፈቃዱ የሰፋው ለአንዳንድ የሉኪሚያ ዓይነቶች፣ ለአንዳንድ ሊምፎማዎችና ለማልቲፕል ማይሎማ ነው። ሁሉም የደም ካንሰር ቤተሰብ ናቸው።

ከደም ውጭ ያሉት ጠጣር ዕጢዎች ላይ ነገሩ ገና ነው። በ2024 አሜሪካ ሁለት ፈቃዶች ሰጥታለች፦ አንዱ ሜላኖማ ለሚባለው የቆዳ ካንሰር፣ ሌላው ሳይኖቪያል ሳርኮማ ለሚባል ብዙም ለማይታይ ዕጢ። የጡት፣ የማኅፀን በር፣ የጉሮሮ ቧንቧ፣ የአንጀት ካንሰር ላይ የሴል ሕክምናው በጥናት ደረጃ ነው ያለው። በአገራችን ሴቶች ላይ ደግሞ ቀዳሚዎቹ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። እንግዲህ ወሬውና ታማሚው የማይገናኙበት ቦታ እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ በግልጽ ልናገር። የማኅፀን በር ካንሰር ያለባት እናት የጨረር ተራዋ ደርሶ፣ «የሴል ሕክምና እስክናገኝ ትንሽ እናቆየው» ካላችሁ ትልቅ ጥፋት እያጠፋችሁ ነው። ይህ ካንሰር ከቦታው ርቆ ካልሄደ ጨረርና ኬሞ አብረው ሊያድኑት ይችላሉ። የሚያድን ነገር በእጅ እያለ ገና እየተጠና ያለውን መጠበቅ የለም። በነገራችን ላይ ለዚሁ ካንሰር እ.ኤ.አ. በጥር 2024 አሜሪካ ከጨረርና ከኬሞ ጋር አብሮ የሚሰጥ ፔምብሮሊዙማብ የሚባል መድኃኒት ፈቅዳለች፤ በሽታው ገፋ ላለባቸው ሴቶች። ግን ይሄ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ የተከላካይ ሴሎችን ፍሬን ይለቃል እንጂ ሴል አይደለም። «ኢሚዩኖቴራፒ» ሲሏችሁ መድኃኒቱን ነው ወይስ ሴሉን ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋው፣ አሰጣጡ፣ አደጋው ሁሉ ይለያያል።

ሊምፎማ ከተጠረጠረ ደግሞ አንድ ነገር አደራ። አንገት ወይም ብብት ሥር ያበጠ ነገር ሲታይ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል። ለቅድመ ምርመራ ጥሩ ነው። የሊምፎማውን ዓይነት ለይቶ ለመናገር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ እንዲመረመር ሐኪሙን ጠይቁት። የዕጢ ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ተጀምሮ እብጠቱ አልጎድል ካለም ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ ተመልሳችሁ ሂዱ። ካር-ቲ የሚሰጠው ካንሰሩ የተወሰነ ምልክት ሲኖረው ነው። ለሊምፎማ አብዛኛውን ጊዜ ሲዲ-19 የሚባለው ነው። ይሄ በአስተማማኝ የሚታወቀው በቂ ሥጋ ተቆርጦ ሲመረመር ነው።

ጨረር ተከላካይ ሴሎችን ይረዳል፤ ይገድላልም

ጨረር የካንሰሩን ሴል ዲኤንኤ ይሰብራል። ይህን ብዙ ሰው ሰምቷል። የማይታወቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የተሰበረው ዲኤንኤ ቦታውን ለቆ ወደ ሴሉ ፈሳሽ ሲገባ ሴሉ ቫይረስ የገባበት ይመስለዋል። ኢንተርፌሮን የሚባል የማስጠንቀቂያ ኬሚካል ይለቃል። የሞቱት ሴሎች ስብርባሪ ለተከላካዮቹ የጠላት ናሙና ይሆናል። ያልሞቱትም ቢሆኑ ማንነታቸውን የሚያጋልጥ ምልክት በላያቸው ላይ አብዝተው ያወጣሉ። ልክ እንደ ዕድር ጥሩንባ፣ ተኝቶ የነበረው ሰፈር ይነሳል።

አንዳንዴ ደግሞ የሚገርም ነገር ይታያል። አንድ ቦታ ላይ ጨረር ተሰጥቶ፣ ጨረሩ ያልነካው ሌላ ቦታ ላይ ያለው ዕጢም አብሮ ይሟሽሻል። ሞል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ለዚህ ነገር አብስኮፓል የሚል ስም አወጣለት። ቲክቶኩ የሚያወራው ይህን ነው። የማያወራው ግን በጣም አልፎ አልፎ የሚታይ መሆኑን ነው። በዚህ ተስፋ ብቻ ጨረር የሚያዝላችሁ ሐኪም ካለ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ካር-ቲን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት አለ። በላብራቶሪና በአይጥ የተሠራ ነው። ትንሽ ጨረር የነካቸው የካንሰር ሴሎች፣ ካር-ቲው የሚፈልገው ምልክት የሌላቸውም ጭምር፣ በቀላሉ ሲሞቱ ታዩ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ካንሰር ከካር-ቲ ከሚያመልጥባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ምልክቱን መጣል ነው።

አሁን ወደ ሌላው ጎን። በሰውነታችን ውስጥ ለጨረር እጅግ ስስ ከሆኑት ሴሎች መካከል ሊምፎሳይት አንዱ ነው። ቲ-ሴል ደግሞ ሊምፎሳይት ነው። ካንሰሩን የሚገድለው መጠን ቀርቶ ከዚያ በብዙ የሚያንሰውም ይገድለዋል። ጨረሩ ዳሌን ወይም አከርካሪን የሚያካትት ከሆነ መቅኔውም ይጎዳል፤ አዲስ ሴል የሚመረትበት ቦታ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ቦታ ላይ፣ ብዙ ቀን ጨረር የወሰደ ሰው ደሙ ውስጥ የሚሰበሰብ ቲ-ሴል ሊያጣ ይችላል። ጥሬ ዕቃው ከሌለ ካር-ቲ የለም።

«ታዲያ ጨረሩን በደንብ ጨምረው ቢሰጡትስ?» የሚል አይጠፋም። ይሄም ተሞክሯል። አሜሪካ ውስጥ የስቲቨን ሮዘንበርግ ቡድን ለሜላኖማ ታማሚዎች ከራሳቸው ዕጢ ውስጥ የወጡ ተከላካይ ሴሎችን አብዝቶ ይሰጥ ነበር። ሴሎቹ ከመሰጠታቸው በፊት ቦታ ለማስለቀቅ ከኬሞ በተጨማሪ መላ ሰውነት ላይ 12 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር ቢጨመር ይሻል እንደሆነ ለማየት 101 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ ወጣ። ካንሰሩ ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው በሁለቱም ወገን 24 በመቶ ነበሩ። የተጨመረው ጨረር ጉዳት እንጂ ጥቅም አላመጣም።

ተራው እንዲህ ነው

ካር-ቲ የታሰበለት የሊምፎማ ታማሚ አለ እንበል። መልክ ያለው ዕቅድ በግምት እንዲህ ይሄዳል።

ሴሉ ቀድሞ ይሰበሰባል። ደሙ በማሽን በኩል ያልፋል፤ ነጭ ሴሎቹ ተለይተው ይቀራሉ፤ ሌላው ይመለሳል። ጥቂት ሰዓት ይፈጃል። ጨረር ከመጀመሩ በፊት ይህ ቢሆን ይመረጣል። እውነት ነው፣ ዕጢው የአየር ቧንቧ ወይም ሕብለ ሰረሰር ላይ ተጭኖ ሰውዬው ሊሞት ወይም ሽባ ሊሆን ከሆነ ማንም ሴል እስኪሰበሰብ አይጠብቅም፤ ጨረሩ ያንኑ ቀን ይጀመራል፣ መጀመርም አለበት። አስቸኳይ ካልሆነ ግን የመጀመሪያው ጨረር ከመሰጠቱ በፊት ይህችን ጥያቄ ጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ወደፊት የሴል ሕክምና ሊታሰብለት ይችላል? ከሆነ ሴሉ ይቅደም ወይስ ጨረሩ?» በሁለተኛው ሳምንት የምትጠየቅ ከሆነ ግማሽ ዋጋዋን አጥታለች።

እዚህ ላይ ዴክሳሜታዞንን ሳላነሳ አላልፍም። የእኛ አገር ክሊኒክ ለወገብም ለጉንፋንም «ዴክሳ» መውጋት ይቀናዋል። ይሄ ስቴሮይድ ቲ-ሴልን ያዳክማል። ሴል ከመሰብሰቡ በፊት መቆም አለበት። ታማሚው የትኛውንም መርፌ ከየትኛውም ክሊኒክ ከወሰደ የሴል ሐኪሙ ይወቀው። ሲወስድ የቆየውን ስቴሮይድ ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ ድንገት ማቆሙ ራሱ አደጋ አለው።

ሴሉ ከተሰበሰበ በኋላ ላብራቶሪው ሠርቶ እስኪመልሰው ሳምንታት ይወስዳል። ሦስትም፣ አምስትም ይሆናል። በዚህ መሃል ካንሰሩ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። ጨረር ምርጥ ሥራውን የሚሠራው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ሐኪሞቹ የድልድይ ጨረር ይሉታል። ሴሎቹ ተሰብስበው ፍሪጅ ገብተዋል፤ ጨረሩ አይነካቸውም። በዚያ ላይ ትልቁ ዕጢ ሲቀንስ ካር-ቲው ሲገባ የሚመጣው ግርግርም ይቀንሳል፤ ካንሰሩ በበዛ ቁጥር የሰውነት ምላሹ ይከፋልና። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከ20 እስከ 30 ግሬይ ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ተከፋፍሎ። ብዙ ጤነኛ አካል ሳይካተት፣ የሚያስቸግረው ዕጢ ላይ ብቻ ተነጣጥሮ ቢሆን ይመረጣል።

ከዚያ ለሦስት ቀን ገደማ ፍሉዳራቢንና ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባሉ ኬሞዎች ይሰጣሉ። ዓላማቸው ካንሰሩን መግደል ብቻ አይደለም፤ ለአዲሶቹ ሴሎች ቦታ ማስለቀቅ ነው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሴሉ በግሉኮስ መልክ ይንጠባጠባል። ለዚህ ሁሉ ድካም የምትታየው ከረጢት ትንሽ ናት።

ከዚያ በኋላ ጨረር አከተመ ማለት አይደለም። ካንሰሩ ከካር-ቲ በኋላ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ከቀረ ወይም ከተመለሰ ጨረር እንደገና ይጠራል። ስለዚህ ለድልድዩ የተሰጠው ጨረር መዝገብ አይጣል።

ወረቀቱ ከአውሮፕላን ቲኬቱ ይቀድማል

ካር-ቲ በአገራችን አይሰጥም። ጨረሩ ግን አለ። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የነበረው የጨረር ማዕከል አዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን እንደ ጅማ ያሉ ቦታዎችም ጀምረዋል። ከደብረ ብርሃን ጥቁር አንበሳ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጨረር በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሳምንታት ስለሚሰጥ መመላለስ አይሞከርም። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ለሚመጣማ ጭራሽ። የዘመድ ቤት ወይም ኪራይ ቀድማችሁ አስቡ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ያላችሁ የሪፈር ሰንሰለቱን አትዝለሉ። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ላይ። ደብረ ብርሃን ላይ ሐኪም ግዛው ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ አጽፋችሁ ውጡ። ቸኩሎ በቀጥታ አዲስ አበባ የገባ ሰው ወጪውን ከኪሱ የሚሸፍንበት ዕድል ሰፊ ነው።

ውጭ መሄድ የታሰበ ከሆነ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ካለሱ የውጭ ምንዛሪ ነገር ይከብዳል። ከዚያ ውጭ ፎልደሩ ውስጥ ምን ይኑር? የፓቶሎጂው ወረቀት ብቻ ሳይሆን ሥጋው ያለበት የሰም ብሎክና ስላይዱ። ሲቲ ስካንና ኤም አር አይ ካለ ፊልሙ ወይም የተነበበው ወረቀት ብቻ አይበቃም፤ በሲዲ ወይም በፍላሽ አስገልብጡ። የተወሰደው ኬሞ ስም፣ መጠንና ዙር። የጉበት ቫይረስ ቢ፣ የኤች አይ ቪና የቲቢ ምርመራ ውጤት፤ ተከላካይ ኃይሉ ሲወርድ ተኝቶ የነበረ የጉበት ቫይረስ ወይም ቲቢ ሊነሳ ስለሚችል ይጠየቃል።

ጨረር የወሰደ ሰው ከሆነ ደግሞ የጨረሩ ማጠቃለያ። በየትኛው የሰውነት ክፍል፣ ጠቅላላ ስንት ግሬይ፣ በስንት ጊዜ ተከፋፍሎ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን ዓይነት ማሽን። ብዙ ሰው «ሃያ አምስት ቀን ጨረር ወስዷል» ብሎ ብቻ ይሄዳል። ይሄ ለውጭው ሐኪም ምንም አይነግረውም። አንድ የሰውነት ክፍል በዕድሜ ልኩ የሚችለው የጨረር መጠን ልክ አለው፤ ስንት እንደወሰደ ካልታወቀ ሁለተኛ ጨረር ለመስጠት ማንም አይደፍርም።

ቀኑ በእኛም በፈረንጁም አቆጣጠር ይጻፍ። 7/3/2017 ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ሙምባይ ላይ ያለ ሐኪም እጅ ሲገባ ኬሞው ብዙ ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። የስሙ የፈረንጅ ፊደል አጻጻፍም ከፓስፖርቱ ጋር በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ይሁን። አንዱ ወረቀት ላይ ስምና የአባት ስም፣ ሌላው ላይ አያት ተጨምሮ ሲገኝ የሁለት ሰው ማስረጃ ነው የሚመስላቸው።

ብሩና ደላላው

የመጀመሪያው ካር-ቲ አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ዋጋው 475 ሺህ ዶላር ነበር። መድኃኒቱ ብቻ። ሆስፒታሉ፣ አልጋው፣ ኬሞው ሌላ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የራሷን ካር-ቲ ፈቀደች። ቦምቤይ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል ሰዎች የሠሩት ነው። ዋጋው በ50 ሺህ ዶላር አካባቢ ሆኖ ወጣ። በጣም ረክሷል፤ ለእኛ ግን አሁንም ሰማይ ነው።

በሬውን፣ በጎቹን፣ ቤቱን ከመሸጣችሁ በፊት፣ ዕድሩም ለማዋጣት ከመነሳቱ በፊት፣ ሰነዱን ልካችሁ «ይህ ሰው ለሕክምናው ብቁ ነው» የሚል የጽሑፍ መልስ ከራሱ ከሆስፒታሉ ተቀበሉ። ከደላላው አይደለም። ደላላው ከሆስፒታሉ ኮሚሽን ሊያገኝ ይችላል፤ ፈገግታውን ከዚህ ጋር አብራችሁ መዝኑት።

ለማንኛውም ካንሰር «የሴል ቴራፒ» እንሰጣለን የሚሉ ክሊኒኮችም አሉ። ጡት፣ ጉበት፣ ጨጓራ፣ ምንም ቢሆን «ይቻላል» ነው መልሳቸው። ቻይና ውስጥ ዌይ ዘሺ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይኖቪያል ሳርኮማ ይዞት ኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ አይቶ እንዲህ ዓይነት ያልተረጋገጠ የሴል ሕክምና ወሰደ። ቤተሰቡ ከ200 ሺህ ዩዋን በላይ ከፈለ። ልጁ እ.ኤ.አ. በ2016 ሞተ፤ አገሪቱም በቁጣ ተናወጠች። እንዳትሸወዱ መጠየቅ ያለባችሁ ይህንን ነው፦ ይህ ሕክምና ለዚህ ካንሰር የየትኛው አገር መንግሥት ፈቃድ አለው? ጥናት ከሆነ የተመዘገበበት ቁጥር ስንት ነው? ጥናት ከሆነ ለምን እንከፍላለን? ሦስተኛዋ ጥያቄ ላይ መንተባተብ ከጀመሩ ስልኩን ዝጉት።

አባባ «ዘንድሮ 2018 ነው» ሲሉ

ይህን ሌላ ቦታ ተጽፎ ስላላገኘሁት ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ካር-ቲ ከተሰጠ በኋላ ሁለት ነገር ይፈራል። አንዱ ትኩሳት ነው። ሴሎቹ ሥራ ሲጀምሩ የሚለቁት ኬሚካል ሰውነትን ያግለዋል፤ የደም ግፊት ሊወርድ፣ መተንፈስ ሊከብድ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይመጣል። ቶሲሊዙማብ የሚባል መድኃኒት አለው። ትኩሳት ሲመጣ «ጉንፋን ነው፣ ላብ ያወጣዋል» ተብሎ ጋቢ አይከናነቡም። በዚያው ደቂቃ ነርስ ይጠራል።

ሁለተኛው ወደ አእምሮ የሚሄደው ነው። ታማሚው ግራ ሊጋባ፣ ቃላት ሊጠፉት፣ እጁ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ይህን በጊዜ ለመያዝ ነርሶቹ በየቀኑ የሚጠይቁት አሥር ነጥብ ያለው ፈተና አለ። ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው? ወሩ ማን ነው? የት ከተማ ነህ? ይሄ የትኛው ሆስፒታል ነው? ሦስት ዕቃዎችን ስማቸውን ንገረኝ። የሚታዘዙትን ነገር ማድረግ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ ከመቶ ጀምሮ በአሥር በአሥር ወደኋላ መቁጠር።

አሁን ከመንዝ የሄዱ አንድ አባት አስቡ። «ዓመቱ ስንት ነው?» ሲባሉ «2018» ይላሉ። ነርሷ 2026 ነው የምትጠብቀው። «ወሩስ?» «ሚያዝያ።» ሰዓት ከጠየቀቻቸው ደግሞ ለእኩለ ቀን «ስድስት» ይላሉ። በአእምሮአቸው ላይ ምንም የለም፤ በመዝገቡ ላይ ግን ነጥብ ይቆረጥባቸዋል፤ ለዚያ ደግሞ የሚሰጠው መድኃኒት ያው ቲ-ሴልን ያዳክማል ያልነው ዴክሳሜታዞን ነው። ተቃራኒውም አለ። አስተርጓሚው ጨዋ ሆኖ የተንተባተቡትን አስተካክሎ ሲተረጉም እውነተኛው ምልክት ያመልጣል።

ስለዚህ ሴሉ ከመሰጠቱ በፊት ፈተናው በአማርኛ አንዴ ይሠራ። በጤናቸው እንዴት እንደሚመልሱ ይመዝገብ። የዘመን አቆጣጠራችን ልዩነት በፋይሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። የሚጽፉትም ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይሁንና በየቀኑ አንድ ወረቀት ላይ ከሥር ከሥሩ ይጻፍ፤ አማርኛ የማያነብ ሐኪም እንኳ ፊደሉ ሲዛባ ያየዋል። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ከሆነ ያንንም አስቀድማችሁ ንገሩ። አስተርጓሚውን ደግሞ «እንዳለው ተርጉም፣ አታሳምር» በሉት።

ጨረር ላይ እያሉ፣ ቤት ውስጥ

ጨረር የሚሰጥበት ቦታ ላይ የሚሠመረውን መስመር አታጥቡት። ቆዳው ሲቆጣ ቅቤ፣ ፌጦ፣ ዳማከሴ አይቀባም። የባናው ሸካራ ጸጉር ቆዳውን ስለሚልጠው ከሥሩ ለስላሳ ነጠላ ወይም የጥጥ ጨርቅ ይግባ። ደረት ላይ ጨረር የወሰደ ሰው የኩበት ጭስ ያለበት ማድ ቤት አይቀመጥ። ጉሮሮ ላይ የወሰደ ሰው አረቄና ሚጥሚጣውን ይተው፤ ቀጠን ያለ በሶና የገብስ ሾርባ ለብ ብሎ ይውረድለት።

ጸበልን በተመለከተ፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዶ መጠመቅ የብዙዎቻችን ወግ ነው፤ ማንም ተው ሊላችሁ አይገባም። የጨረሩን ቀጠሮ ማቋረጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የተቋረጠ ጨረር ካንሰሩ እንዲያገግም ጊዜ ይሰጠዋል። ከጨረሩ በፊት ወይም ካለቀና ቆዳው ከዳነ በኋላ ሂዱ። ተከላካይ ሴሉ በወረደበት ወቅት ያልፈላ ውኃ መጠጣት ኢንፌክሽን ያመጣል፤ ንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ ለበሽተኛ መንገድ አያጡለትም። ጾሙንም እንደዚሁ።

ከሴል ሕክምና የተመለሰ ሰው ለወራት ደሙ ዝቅ ብሎ ሊቆይ ይችላል። እንኳን ደህና መጣህ ተብሎ በግ ሲታረድ ጥሬው አይቅረብለት። ያልፈላ ወተትም አይጠጣ። የበጎቹን ጉሮኖ ሌላ ሰው ይጥረግ። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ካለው ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

በኪሱ ደግሞ አንድ ወረቀት ይኑረው። ካር-ቲ መውሰዱ፣ ቀኑ፣ የሰጠው ሆስፒታል ስልክ፣ ፍሉዳራቢን መውሰዱ። የመጨረሻዋ ነገር በተለይ ለደም ጉዳይ ናት። ፍሉዳራቢን የወሰደ ሰው ደም ቢያስፈልገው፣ የሚሰጠው ደም ቀድሞ በጨረር የተዘጋጀ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በደሙ ውስጥ ያሉት የለጋሹ ሊምፎሳይቶች የእሱን ሰውነት ሊያጠቁ ይችላሉ። የመኪና አደጋም ይሁን ቀዶ ሕክምና፣ ደም የሚያዝለት ሐኪም ይህን ካላወቀ የተገኘውን ደም ነው የሚሰቅለው። ወረቀቱን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አሠርታችሁ፣ በላሚኔሽን አሸጉት።